ክብሪቱን ያጥፉት

ልጅቷ ጌሾ ተራው መሃል ወድቃ ስትንፈራገጥ ሰዉ ክብ ሠርቶ ራቀ። ማንም ሊነካት አልደፈረም፤ አረፋው የነካው ሰው በሽታው ይጋባበታል ይባላላ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ክብሪት ጭረው ጭሱን ሊያሸቷት ጎንበስ አሉ።

«አባባ፣ ክብሪቱን ያጥፉት!» አለች ጌሾ ሻጯ ፈንታነሽ፣ ገበያዋን ጥላ ስትነሳ። ነጠላዋን አጣጥፋ ከልጅቷ ራስ ሥር አደረገች፣ ቀስ ብላ በጎኗ አስተኛቻትና በስልኳ ደቂቃ መቁጠር ጀመረች። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች በሚገናኙበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ከገሳይ ከተማ የሆነች አንዲት ሴት ይህንኑ በድምፅ ስትናገር ስንቴ ሰምታታለች፦ አጥብቃችሁ አትያዙ፣ አፍ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ሰዓት ያዙ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ መንፈራገጡ ረገበ። ልጅቷ ዐይኗን ስትገልጥ ፈንታነሽ ደረቷ ላይ አስደግፋ አረፋውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት።

«ነርስ ነሽ እንዴ ልጄ?» አሉ ሽማግሌው።

አዎ ብትል ነገሩ ያልፍ ነበር። ከዚያ ቡድን ውጭ ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ከታወቀባት ደግሞ ጌሾዋን ማን ይገዛታል?

«አይደለሁም፣ አባባ» አለች፣ ተራው ሁሉ እስኪሰማ። «እኔም እወድቃለሁ።»

ከዚያም አረፋ የነካውን ነጠላ አራግፋ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ሽማግሌው ክብሪታቸውን ኪሳቸው ከተቱና አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

«በይ እንግዲህ ንገሪን» አሉ። «አንቺ ስትወድቂ ምን እናድርግ?»

ርቆ የነበረው ሰው ለመስማት ጠጋ ጠጋ አለ።