የሽፋኑ ጀግና

የሰፈራችን ሠዓሊ የኮሚክ መጽሐፍ አሳተመ። ሽፋኑን አይታ የሳቀች አህያ ጭነቷን ጥላለች፤ እሱ ግን የሳለው ከልቡ ነበር። ጀግናው ሙታንታውን ከሱሪው በላይ አጥልቆ፣ አንሶላ አንገቱ ላይ ቋጥሮ፣ አንድ ዓይኑ ብቻ እየታየ በጎኑ እየበረረ ወንበዴውን በርግጫ ይለዋል። ወንበዴው ደግሞ ምርቃት የሚቀበል ይመስል ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ፈገግ ብሏል። ጣጣው፣ የወንበዴው መልክ ልጃቸውን ትርንጎን አልድርልህም ብለው የከለከሉት የአለቃ ድንበሩ ነው።

አለቃ መጽሐፉን ይዘው አስጠሩት። ትርንጎም አጠገባቸው ቆማለች።

«ይህ እኔ ነኝ?» አሉ ወንበዴውን በጣታቸው እየነኩ።

«አዎ አለቃ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«ምን በድለህ? በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሁለት ዓይኑ የሚታየው ጻድቅ ነው፤ በጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ሰይጣን። እኔን ጻድቅ አድርገህ ስለሃል። እንዲህ ላለ ሰው ልጄን ብሰጥ ምን ይለኛል?»

ሠዓሊው ጉልበታቸውን ስሞ ቀና አለ።

«ለመሆኑ» አሉ አለቃ በራሪውን ጀግና እየጠቆሙ፣ «ይህን ሙታንታም ሰይጣን ከማን ቀዳኸው?»

ሠዓሊው አፉን ሳይከፍት ትርንጎ በኩራት ቀደመችው።

«ከራሱ ነው አባዬ፤ በመስታወት እያየ ነው የሳለው።»