ማን ቤት ተንኳኳ

ቶይባ የአባቷን ግራ እግር ጭኗ ላይ አጋድማ መርፌውን በክብሪት እሳት ለብለብ አደረገችው። ሙጃሌው አውራ ጣቱ ጥፍር ሥር ተቀብሯል፤ አተር አክሎ ነጥቷል፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለው። እንዲህ እስኪያብጥ እንዴት አላሳከከህም ብትለው፣ ይሄ የገበሬ እግር ነው፣ እንዳንቺ የባጃጅ እግር መሰለሽ ወይ ብሎ አላገጠባት።

ፍየሎቹ ከሚያድሩበት አቧራ አጠገብ በባዶ እግሩ ሲያድር ነው የከረመው። ባለፈው ያመጣችለት ሽፍን ጫማ ወፍ ከሚጠብቅበት ማማ ላይ ከነፌስታሉ ተንጠልጥሏል።

ቶይባን ያስጨነቃት ግን ሙጃሌው አልነበረም። ክረምቱን ሙሉ ውሃ በጀሪካን ሲጨርስ፣ ሌሊት ለሽንት ሲመላለስ፣ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ሲል አይታለች። በምትኖርበት ቆቦ ከተማ ያለችው ጎረቤቷ፣ ነርሷ ፈሪሀ፣ ይህ የስኳር በሽታ ምልክት ነው፣ ሲቆይ እግር ያደነዝዛልና ቶሎ ይመርመር ብላታለች። እሱ ግን ወዳጁ አለሙ በገዛ እግሩ ሆስፒታል ገብቶ፣ አንድ እግሩ ተቆርጦ በክራንች ከወጣ ወዲህ የምርመራ ነገር ሲነሳ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ዛሬም ባጃጅ ይዛለት መጥታ፣ ባጃጁ አስፋልቱ ዳር ቆሞ እየጠበቀ፣ እሱ ስለ ማሽላው ማማር ያወራላታል።

ድሮ ይህ ቦታ የእሷ ነበር። እዚሁ ቁርቁራ ዛፍ ሥር እሷ ተጋድማ፣ እሱ መርፌ ይዞ። የቤቱን አቧራ ውሃ አርከፍክፎ ካስተኛ በኋላ ይጠራትና በአንገት ልብሱ አይኗን ያስርላታል። እንዳትፈራ ብሎ ለጣቶቿ ስም አውጥቶላቸው ነበር፤ አውራ ጣቷ ሼኹ፣ ቀጥሎ ነጋዴው፣ መሃለኛው አራሹ፣ ከዚያ ሙሽሪት፣ ትንሿ እረኛው። ቢስሚላህ ብሎ አንዱን ነካ ያደርግና "ማን ቤት ተንኳኳ?" ይላታል። ካወቀች ሽልማቷ ጥንቅሽ ነው፤ እዚያው ከማሽላው መሃል ቆርጦ፣ ልጦ ይሰጣታል። ጥንቅሿን እየመጠጠች ሙጃሌው መቼ እንደወጣ አታውቅም። ቁስሉን ላምባ ስለሚቀባው ትምህርት ቤት እግሯ ኩራዝ ኩራዝ ይሸት ነበር። ያ ጊዜ ቢመለስላት፣ ሙጃሌውም አብሮ ይምጣ፣ አትጠላውም ነበር።

ይህን ሁሉ ስታስብ ነው ነገሩ የመጣላት። "እንጫወት" አለችው። "ካወቅህ ጥንቅሽ እቆርጥልሃለሁ፣ የሆስፒታሉንም ነገር ሁለተኛ አላነሳብህም። ካላወቅህ ግን ባጃጁ ላይ ትወጣለህ።"

አባቷ እንደ ልጅ ሳቀ። የአንገት ልብሱን ራሱ አይኑ ላይ አሰረና እግሩን አመቻቸላት። ቃሉን ደግሞ አያጥፍም፤ ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል።

ቶይባ በጣቷ ጫፍ መሃለኛውን ነካች። "አራሹ ቤት" አለ። ትንሿን ነካች። "እረኛው ቤት" አለ። ነጋዴውንም ሳይሳሳት ሲጠራ ደረቷ ላይ የነበረው ድንጋይ ተነሳላት። ፈሪሀ ተሳስታለች፣ እግሩ ደህና ነው ብላ ቀና ስትል አገጩን ሽቅብ አንጋጦ አየችው። ከጨርቁ ሥር አጮልቆ እጇን እያየ ነው።

ልክ እንደ እሷ። እሷም ያኔ እንዲሁ አንጋጣ ነበር የምትረታው። እሱ እያወቀ ዝም ይላት እንደነበር ዛሬ ገና ገባት፤ እንባና ሳቅ አንድ ላይ መጣባት። ዝም ልትለው ፈለገች። ጥንቅሹን ቆርጣለት፣ አብረው መጥጠው፣ ፀሐይ ሳይበረታ ወደ ከተማ ብትመለስ ወደደች። ግን የአለሙ ክራንች ፊቷ ላይ ድቅን አለባት።

"አባዬ፣ እኔም በዚያው በኩል ነበር የማየው" አለችው። ጨርቁን አጥፋ እስከ አፍንጫው ዝቅ አድርጋ አሰረችው። እሱ ነቃሽብኝ ማለት ነው ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ምንም ሳትናገር መርፌውን አውራ ጣቱ ላይ አሳረፈች። እንደማይሰማው ጠርጥራለች። ቆዳውን በጥንቃቄ ዙሪያውን ከፈተች፣ የእንቁላል ከረጢቱን ሳታፈነዳ ነቅላ አወጣችው። ደም ከጥፍሩ ሥር ተንጠባጠበና ቀሚሷ ላይ አረፈ። አባቷ ፊቱን ወደ ማሽላው አዙሮ፣ በር ሲንኳኳ እንደሚያዳምጥ ሰው ጆሮውን ሰጥቶ፣ ፈገግ እንዳለ ተቀምጧል።

"አብሽሪ፣ አትፍሪ" አላት። "ቢስሚላህ በይና ጀምሪ እንጂ።"

ቶይባ የሚንጠባጠበውን ደም በመዳፏ ያዘችው። ጥያቄው ሲዘገይበት ፈገግታው ቀስ በቀስ ጠፋ። እጁን ወደ ታች ልኮ ዳበሰ፤ እጇን አገኘ፣ እርጥቡን አገኘ። ጨርቁን ከአይኑ አንስቶ ደሙን አየ፣ መርፌው ጫፍ ላይ ያለውን አየ፣ ከዚያ እግሩን የሌላ ሰው እግር ይመስል ትክ ብሎ አየው።

"ሼኹ ቤት ነበር?"

"አዎ፣ ሼኹ ቤት ነው።"

"ቤቱ ሰው የለበትም ማለት ነዋ።"

"አለ፣ አባዬ" አለችው። "ተኝቶ ነው። አብሽር።"

ቁስሉን በሳሙናና በውሃ አጥባ፣ ንጹሕ ጨርቅ አሰረችለት። ከአስፋልቱ ዳር የባጃጁ ጥሩምባ ተሰማ። አባቷ የማሽላውን ራስ ተመለከተና፣ ያንን ጫማ ከማማው ላይ አውርጂልኝ አላት። አውርዳ ስትመጣ እግሩን ዘርግቶ ጠበቃት፤ እሷ ልጅ ሳለች ለእሱ ትዘረጋ እንደነበረው።