የሰኔ ጾም

የእናቱ ጉርሻ አየር ላይ ቀረ። የእጮኛው እናት፣ ከቡታን የመጡት ሴት፣ ወደ ኋላ ሸሸት ብለው አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። የጊዲዮን እግር ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ አለው። ሁለቱን እናቶች ለማስተዋወቅ አሌክሳንድሪያ ያለውን የዕፅዋት መናፈሻ የመረጠው እሱ ነበር፤ ሲዞሩ ግን ሁለቱም አበቦቹን እንጂ እርስ በርስ አልተያዩም። "እማዬ፣ ፕሊስ፣ ኖ ብለዋል እኮ" አላት። የምስር ወጡ ዘይት ወደ አንጓዋ እየወረደ እንኳ እናቱ እጇን አላጠፈችም። "በሞቴ" አለች በአማርኛ፣ የሚገባቸው ይመስል። አሁንም እምቢ አሉ። በሦስተኛው ግን መዳፋቸውን አንስተው ጎረሱ።

ጊዲዮን እፎይ ሳይል ተራው ዞረ። የእጮኛው እናት ረጅሙን የአገራቸውን ቀሚስ ሰብሰብ አድርገው፣ በቃሪያና በአይብ የሠሩትን ወጥ ከቀይ ሩዝ ጋር በማንኪያ ወደ እናቱ አፍ ዘረጉ። ጊዲዮን ደነገጠ። በሰኔ ጾም እናቱ እንኳን አይብ ልትበላ፣ አይብ የነካ ቢላዋ አትጠቀምም ነበር። እሷም አፏን በመዳፏ ከደነች። ሴትየዋ ፈገግ ብለው ደገሙላት፤ እናቱ ራሷን ነቀነቀች። ማንኪያው ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ሊያስረዳቸው ብድግ አለ። እናቱ ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው።

"እማዬ፣ ጾም እኮ ነው" አላት በሹክሹክታ።

"ለንስሐ አባቴ የምናገረው እኔ ነኝ" አለችውና እጇን ከአፏ ላይ አነሳች።