ትንሹ ይበቃል

የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴው ነዚፍ፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተርን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆዩ ሁለት የዩፒኤስ ሣጥኖች ጠዋት ለሙከራ ትቶላት ሄዶ፣ ከሰዓት በኋላ መልሷን ሊሰማ ሲመለስ፣ ሸዋአለም ዲላ ዩኒቨርሲቲ በር አጠገብ ባለችው የጽሕፈት ክፍሏ የአንድ ተማሪን የመመረቂያ ጽሑፍ የመጨረሻ ምዕራፍ ትተይብ ነበር። ይኸንኑ ምዕራፍ ባለፈው ሳምንት መብራት ድንገት ሄዶ አጥፍቶባታል፤ ተማሪው ደግሞ ነገ ጠዋት መምህራኑ ፊት ይቀርባል። ኮምፒውተሯ ከትንሹ ዩፒኤስ ጋር ተያይዟል፤ ዓይኗ ግን ረዘም ላለ ጊዜ በሚያቆየው በትልቁ ላይ ነበር።

«ሸዋዬ፣ ትንሹ ይበቃሻል አልኩሽ። ሥራሽን ሴቭ አድርጊና ገመዱን ከግድግዳው ነቅለሽ ሞክሪው።»

«ምዕራፉ ሳያልቅ ሴቭ አላደርግም። ያላለቀ ሥራ ማስቀመጥ ያሳፍረኛል።»

ይህን እንዳለች መብራቱ ራሱ ሄደ። ፎቶ ኮፒው ጸጥ አለ፤ የኮምፒውተሩ ገጽ ግን እንደ በራ ቀረ፣ ትንሹም ሣጥን ይጮኽ ጀመር። ሸዋአለም እልል አለችና ወደ መተየቧ ተመለሰች።

«አንቺ ሴትዮ፣ የሚጮኸው እኮ ሴቭ አድርጊ እያለሽ ነው!»

«አንዲት አንቀጽ ብቻ ቀረችኝ!»

«ወላሂ፣ እንዲህ ከሆንሽ አንዱንም አልሸጥልሽም!»

ጩኸቱ ፈጠነ፤ የሸዋአለም ልብም አብሮ ፈጠነ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ሴቭ አደረገች። ወዲያው ገጹ ጨለመ። ሁለቱም እየተሳሳቁ ትንፋሻቸውን ለቀቁ።

«እሺ፣ የቱን ልተውልሽ?» አላት።

ትልቁን በሁለት እጇ ገፍታ ወደ እርሱ አስጠጋችው።

«ይኼን ውሰደው፤ ያባልገኛል። ትንሹ ግን ይቆጣል።»