ሎሚና ፀሐይ

እርጥቡን አንሶላ ትከሻዬ ላይ ጥዬ የጣሪያውን በር በክርኔ ስገፋው፣ ልጄን ሲሚንቶው ላይ በጀርባዋ ተዘርራ አገኛታለሁ። ዓይኖቿ ተጨፍነዋል። እጆቿ ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል። አትንቀሳቀስም።

አንሶላው ይወድቃል። እኔም መጮኼን የማውቀው ድምፄን ስሰማ ነው።

«እማ፣ አትጩኺ፤ ደህና ነኝ» ትላለች ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች። «ሳይደርቅ አልነሳም።»

«ምኑ ነው የሚደርቀው?»

ጎንበስ ስል ሽታው ይቀድመኛል። ሎሚ ነው። ጉንጮቿ ላይ ጨው ያብለጨልጫል። ከራስጌዋ የተጨመቁ ልጣጮች ወድቀዋል፤ ጠዋት ለአንሶላ ብዬ የገዛኋቸው ሎሚዎች ናቸው።

እዚህ ሆቴል ውስጥ አጣቢ ነኝ። የማስጫው ሽቦ ዝጓል፤ አንሶላ ላይ ነጠብጣብ ሲተውብኝ ሎሚና ጨው አሽቼ ለቀትር ፀሐይ እሰጠዋለሁ። ማታ ሳነሳው ነጥቡ የለም። ልጄም ትምህርት ከጨረሰች ወዲህ አብራኝ ስታሰጣ ትውላለች፤ ባርኔጣ የለ፣ ጥላ የለ፣ ጉንጮቿ ላይ ማድያት ወጣባት። ነገ ደግሞ ታች፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ለመቀጠር ትፈተናለች።

«ማን ነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?»

«አንቺ ነሻ! ሎሚና ፀሐይ የማያስለቅቁት የለም ስትዪ አይደል የምትውዪው?»

«ስለ አንሶላ ነዋ!»

«ፊቴ ከአንሶላ ያንሳል እንዴ?» ብላ ልትስቅ ትሞክራለች። ሳቁ ግማሽ ላይ ይቆረጣል። «ወይኔ እማ… ያቃጥላል። በጣም ያቃጥላል።»

ከጨው ሥር ጉንጯ ደም መስሎ አብጧል። አንድ ጊዜ እንኳ «ፊትሽን ሸፈን አድርጊ» ብያት አላውቅም። ዝናብ ሲመጣ አንሶላውን ነው የምሸፍነው።

«ባለካውያዋ!» እላለሁ በደረጃው ቁልቁል። «ውሃ! ቶሎ በይ፣ ውሃ!»

ባለካውያዋ የሆቴሉ ልብስ ተኳሽ ናት። ባልዲ ተሸክማ እያለከለከች ትወጣለች። «ምነው፣ ጣሪያውን ልታጥቢው ነው?» ብላ ትጀምርና ልጄን ስታይ ቀልዱ አፏ ላይ ይደርቃል።

«ዓይንሽን እንዳትከፍቺ፣ የኔ እናት» ትላታለች ወዲያው ተንበርክካ። ውሃውን በጣሳ እየቀዳች ታፈስላታለች። እኔ ጨውን ላራግፍላት እጄን ስዘረጋ ትይዘኛለች። «አንቺ ሴት፣ አትሺው! ልብስ መሰለሽ?»

እጄን እሰበስባለሁ።

«ለኔ ማድያት ሐኪም ዘንድ የሄድኩ ጊዜ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን መሰለሽ?» ትላለች ማፍሰሷን ሳታቋርጥ። «ሎሚ ተቀብተሻል ወይ አለችኝ። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳ ይጠብሳል፤ ሲድን ከበፊቱ የባሰ ይጠቁራል አለችኝ። ባርኔጣ አድርጊ፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ተቀቢ፣ ከዚያ መድኃኒቱን እሰጥሻለሁ፤ ቀስ እያለ ይለቃል አለችኝ። እኔ ደግሞ በሳምንት የሚለቅ መስሎኝ ተጣልቻት ወጣሁ።»

«ነገስ?» ትላለች ልጄ። ውሃው ከሎሚው ጋር በጆሮዋ በኩል ይወርዳል። «እማ፣ ነገ በዚህ ፊት ነው የምቀርበው?»

የባለካውያዋ ጣሳ የባልዲውን ታች ይጭራል። ውሃው አልቋል።

«ሌላ ላምጣ። ከዚያ ክሊኒክ እንወስዳታለን» ትላለች ባለካውያዋ እየተነሳች። «አንቺ ጥላ አድርጊላት። ፀሐዩ እኮ አሁንም ፊቷ ላይ ነው!»

ዙሪያዬን አያለሁ። በዚህ ጣሪያ ላይ ጥላ የሚባል ነገር የለም፤ እንዳይኖርም ነው የተመረጠው። የወደቀውን አንሶላ አነሳና በሁለት እጄ ወጥሬ ልጄ ላይ እቆማለሁ። ጥላው ፊቷ ላይ ሲያርፍ ረጅም ትንፋሽ ትተነፍሳለች።

ግን አንዲት ክብ ብርሃን ጉንጯ ላይ ቀርታለች። ቦታ ብቀይር አብራኝ ትዞራለች።

ቀና ብዬ አንሶላውን አያለሁ። ደጋግሜ በሎሚ ያሸሁት ነው። ነጥቡ የነበረበት ቦታ ፀድቷል፤ ጨርቁም አብሮ ሳስቶ፣ ሳስቶ፣ ጥቂት ክሮች ብቻ ቀርተዋል። ፀሐይዋ በነሱ መሃል ቁልጭ ብላ ትታየኛለች።

አንሶላውን በጥርሴ ነክሼ አንድ እጄን አስለቅቃለሁ። መዳፌን እዚያች ክፍተት ላይ አደርጋለሁ። መዳፌ ይሞቃል፤ የልጄ ጉንጭ ይጨልማል።