የውሰት ጣዕም

በዚያ ዘመን ሰው ጣዕምን እንደ ጃንጥላ ይዋዋስ ነበር፤ ተበዳሪው ያስቀረውን ጣዕም ግን ባለቤቱ ዳግም አያገኘውም። የሳይንስ ጉባኤው የክብር እንግዳ ፕሮፌሰር ዘርጋው ምላሳቸው በእርጅና ስለደነዘዘ፣ ለእራት ግብዣው የጀማሪ ተመራማሪዋን የየውብዳርን ጣዕም ተዋሱ። የአዳራሹ መብራት እንደ ማር ቀስ ብሎ ይፈስሳል። እሷ አጠገባቸው ተቀምጣ ጥብሱን እንደ እርጥብ ወረቀት ታኝካለች።

ሽማግሌው ድንገት ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ከጥብሱ ሥር ሽሮ ሽሮ የሚል አለ።»

«ጠዋት እናቴ ያጎረሰችኝ ነው፣ ፕሮፌሰር» አለች አፍራ።

«ሌላውን ሁሉ ነገ እመልስልሻለሁ። ይህቺን ብቻ ተዪልኝ፣ ልጄ። አንቺ እናትሽ አለችልሽ።»

ይህን ብለው ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ዘረጉላት። የትልቅ ሰው እጅ አይመለስምና አፏን ከፈተች። ጉርሻውን አላምጣ እስክትውጥ ድረስ ፕሮፌሰሩ ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጥረው አመስግነዋት ነበር።