አንድ እርምጃ መሬት

ክሪኩ ተንጋደደ። የሌሊቱ ዝናብ መሬቱን አላልቶት ኖሮ ከሥሩ ሸሸ፤ መኪናዋም ቀስ ብላ፣ እንደምትተኛ ላም ቀስ ብላ፣ ደረቴ ላይ ወረደች።

አልገደለችኝም። ዕድሜዬን በሹፍርና የጨረስኩ ሰው ነኝና የፈታሁትን ጎማ ሁልጊዜ ከመኪናው ሥር አጋድማለሁ። የያዛት እሱ ነው። በጎማውና በተንጋደደው ክሪክ መሃል ለአንድ ሽማግሌ ደረት የምትበቃ ክፍተት ቀርታለች። ለመተንፈስ ትበቃለች፤ ለመጮኽ ግን አትበቃም።

ልጆቼ፣ ይህችን መኪና ዝቅ ያደረግኋት እኔው ነኝ። የልጄ የማህደር ናት፤ ቀይ፣ ባለሁለት በር፣ የስፖርት የሚሏት ዓይነት። አዲሱን ሞላ ከአዲስ አበባ ላከችልኝ። ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ የተሠራ ነው፤ ቀለበቱን ስታዞረው መኪናው ከፍም ዝቅም ይላል። "አባዬ፣ እንዳትነካው፤ ቅዳሜ መጥቼ አብረን እንገጥመዋለን" ብላኝ ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው። ሦስቱን እግር ጨርሻለሁ። የአራተኛውን ቀለበት ሁለት ዙር ባወርደው ይስተካከል ነበር። ሁለት ዙር ብቻ።

ባለቤቴ ዘርፈሽ ለቅሶ ብላ ጨንቻ ወጥታለች። በአባያ በኩል ነጎድጓድ ያጉረመርማል። ክሪኩ በተንሸራተተ ቁጥር ቅርጥ ይላል፤ በየቅርጡ ትንፋሼ ታጥራለች።

ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ጎረቤቴ ኦይታ ሸማ ይሠራል። ቀጭ፣ ቀጭ። አሥር እርምጃ አይርቅም። ስሙን ከጠራሁት ግን ስምንት ወር ሆኖኛል።

ማህደር መኪናዋን ስታመጣ ግቢያችን ጠበበ። አንድ ቀን ኦይታ ቤቱ የለም ብዬ አጥሩን ነቀልኩና አንድ እርምጃ ወደሱ አስገባሁት። አንድ እርምጃ ምን አላት አልኩ። ኦይታ አልጮኸብኝም። ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ፣ እንደ ጋሞ ደንብ እርጥብ ሣር ይዞ መጣና ደጄ ላይ ተንበረከከ። እዚህ አገር ሣር ይዞ የተንበረከከ ሰው ባዶውን አይመለስም። እኔ ምን አልኩ? "ሣሩን ለላሟ ስጧት፤ እኔ አልበላም።" የሳቅኩትም እኔ ብቻ ነበርኩ።

አሁን የተኛሁት እዚያችው እርምጃ ላይ ነው።

"ኦይታ!" ድምፄ ሳል ሆኖ ወጣ። ቀጭ፣ ቀጭ። "ኦይታ... መኪናዋ!"

ሸማው ዝም አለ። ኮቴ መጥቶ አጥሩ ጋ ቆመ። ከቆርቆሮው ሥር እግሩ ይታየኛል።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ። ይፍሩ።"

እግሩ አልተንቀሳቀሰም። ግራ እጄ ብቻ ውጭ ነው። መሬቱን ዳብሼ የነካሁትን ሣር ነጨሁና ወደሱ ዘረጋሁት።

እግሩ ዞረና ሄደ።

ትንሽ ቆይቶ ምስማር ሲነቀል፣ ቆርቆሮ ሲገነጠል ሰማሁ። የአጥሬን ቋሚ እየነቀነቀ ነው። ልጆቼ፣ ልዋሻችሁ አልችልም፤ ነፍሴ ልትወጣ እያለች እንኳ ያሰብኩት "ቀን ጠብቆ መሬቱን ሊወስድ ነው" ብዬ ነው።

ቆርቆሮው ወደቀ። ጭቃ የያዘ የኦይታ እግር አጠገቤ ደረሰ። ድንጋይ ተንከባለለ፤ የባሕር ዛፉ ቋሚ ጫፍ በድንጋዩ ላይ አልፎ ከመኪናዋ ሥር ገባ።

"ሣሩን ወደዚያ አድርግ! ዓይኔን ልታወጣ ነው?" አለኝ።

"ኦይታ፣ ይቅር..."

"ኋላ ትናገራለህ። አሁን ትንፋሽህን አውጣና ባዶ ሁን። እኔ ስጫን አንተ ውጣ። ልጎትትህ አልችልም፤ ያለኝ ሁለት እጅ ነው።"

"ከባድ ናት።"

"ጫማ የሚያክል መኪና ይገድልሃል እንዴ? ውጣ!"

ቋሚው ላይ በሆዱ ተኛበት። መኪናዋ አቃሰተች። አንድ ጣት ተነሳች፤ ሁለት ጣት። በክርኔ መሬቱን እየቧጠጥኩ፣ ሸሚዜ እየተቀደደ፣ ጎኔ እየተላጠ ተሳብኩ። እግሬ ከመውጣቱ ኦይታ ለቀቀው። ክሪኩ ተፈናጥሮ ግድግዳውን መታ፤ መኪናዋ ዷ አለች፤ ቋሚው ከሥሯ ቀረ።

ካፊያው ጀመረ። ሁለታችንም ጭቃው ላይ ተቀምጠን እናለከልካለን። አጥሩ በነበረበት በኩል የኦይታ ሸማ ይታየኛል፤ ነጩ ድር ላይ ጠብታ እየወረደበት።

"ድርህ ረጠበ" አልኩት።

"ይደርቃል።" ቋሚውን በዓይኑ አመለከተኝ። "ይሄንንም ዝናቡ ሲያባራ አውጥተን እንተክለዋለን። የትኛው ጉድጓድ ላይ ነው የምንተክለው?"

"የድሮው ላይ።"

"መኪናውስ?"

"ደጅ ትደር።"

ከዚያ ግራ እጄን ያዘ። ጭብጤ አልፈታ ብሎኛል፤ ጣቶቼ ደርቀው ቀርተዋል። ኦይታ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠውና፣ የተወሳሰበ ክር እንደሚፈታ፣ ሳይቸኩል ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈታቸው። ሣሩ ተጨፍልቋል። ዝናቡ ቢያጥበውም መዳፌ አረንጓዴ ነው።